ግራ እጃችንን ባነሣንባቸው ዓመታት



የደርግን ዘመን ስናወሳ ዘወትር የምናነሣው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ የገደለውንና የተገደለውን። ይገባል። ለሟቾቹ መስቀል አደባባይ ጥግ ሙዚየም ቆሞላቸዋል፤ ከገዳዮቹም ዋና ዋናዎቹ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከሁለቱም ወገን ያልሆነውን፣ በቁጥር ግን ከሁለቱም እጅግ የሚበልጠውን ነው። እሑድ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ተነሥ ሲባል ተነሥቶ፣ ግራ እጁን ጨብጦ «ከቆራጡ መሪያችን ጋር ወደፊት!» ብሎ ሲያበቃ ስኳሩን ይዞ ቤቱ የገባውን ሰው። አብዛኞቻችን ወይ እሱን ነበርን፣ ወይ የእሱ ልጆች ነን።

ይህ ሰው ሕሊናውን ሸጧል? «ጎመን በጤና» ብሎ ማለፉ ያስወቅሰዋል? አንዳንዱ «ሁሉም ያው ነበር» ብሎ ይዘጋዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ፈሪ ያደርጋል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ ሰው አንገቱን ሲደፋ ዋጋውን የከፈለው ማን ነበር?

በዕድሜ ለጋ የሆናችሁ እንድትከተሉኝ ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ላስቀድም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ቀበሌ ሲቋቋም ኪራይ ሰብሳቢና የሰፈር ጉዳይ ፈጻሚ ይመስል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የራሱ ፍርድ ሸንጎ፣ የራሱ አብዮት ጥበቃ፣ የራሱ እስር ቤትና የራሱ ሱቅ ያለው ትንሽ መንግሥት ሆኖ አረፈው። መታወቂያው፣ የኪራይ ደረሰኙ፣ የዘይትና የሳሙና ደብተሩ፣ ለሥራ የሚጠየቀው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከከተማ መውጫ የይለፍ ወረቀቱ፣ ሁሉም የሚገኘው ከዚያው ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ «ስብሰባ አልሄድም» ማለት እራትን የሚነካ ነገር ነበር። ስም የሚጠራውም መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ቢጠራማ ግማሹ ሰው ሾልኮ ይወጣ ነበር።

ሕዝቡ ዘዴ አበጀ። ሂስና ግለ ሂስ ሲባል «ሰዓት አላከብርም»፣ «የንባብ ባህሌ ደካማ ነው»፣ ትንሽ ከፍ ያለ ሲያስፈልግ ደግሞ «የንዑስ ከበርቴ ስሜታዊነት ይታይብኛል» ይባላል። ማንንም የማይጎዳ ኃጢአት መርጦ መናዘዝ ሙያ ሆነ። ካድሬውም ያውቃል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ጓዱ ግለ ሂሳቸውን በሚገባ አቅርበዋል» ተብሎ ይሰፍራል። ስብሰባው ከቅዳሴ ጋር ሲጋጭ ሌሊት ኪዳን አድርሰው፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከትተው የሚመጡ እናቶች ነበሩ። የፓርቲ አባሉ ማተቡን ይፈታል፤ ልጁን ግን በአርባ ቀኑ አያቱ ይዛ ትሄዳለች፣ እሱ «አላየሁም» ይላል። አርብ ዕለት በሰው ፊት ሥጋ በልቶ ማታ ቤቱ በሽሮ የሚጾም ሹም እንደነበረም ታውቃላችሁ፤ አስቂኝ ነው፣ ግን ስቄ ለመጨረስ አልችልም።

ይህን ሁሉ ክህደት አልለውም። ውርደት ነበረበት፤ ልጅ አባቱ የማያምንበትን ነገር ጮክ ብሎ ሲናገር እያየ ማደጉ ቀላል ጉዳት አይደለም። ነገር ግን ዋጋው የወጣው ከተናጋሪው ከራሱ ነው። መፈክር አሰምቶ ስኳር የወሰደ ሰው የሌላ ሰው ስኳር አልወሰደም።

ነገሩ የሚከብደው 1969ና 1970፣ ቀይ ሽብር ላይ ስንደርስ ነው። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ታሰሰች። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው «ማጋለጥ» የሚባል ስብሰባ መጣ፤ ራስህን አጋልጥ፣ የምታውቀውን አጋልጥ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተጠራ ስም ማታ ሬሳ ሊሆን ይችላል። አስከሬን መንገድ ዳር መፈክር ተለጥፎበት ያድራል፤ የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ሽጉጥ ፊቱ ተቀምጦ አንድ ስም ባወጣ ሰው ላይ እፈርዳለሁ ብዬ እዚህ መድረክ ላይ አልቆምም። እዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ዝም ቢል ይሻለዋል።

ያን ጊዜ የነበረውን ሐቀኝነት ግን ላሳያችሁ። ለተገደለ «ፀረ አብዮተኛ» ለቅሶ ክልክል ነው። ዕድሩ ድንኳን አይተክልም፣ ጡሩምባ አይነፋም፣ ጥቁር አይለበስም። ልጅ የሞተባት እናት ቤቷ ቁጭ ብላ ድምፅዋን መዋጥ አለባት። በሰፈራችን የጎረቤት ሴቶች ሲመሽ አንድ በአንድ ይገቡ ነበር፤ አንዷ ወንፊት ለመዋስ፣ አንዷ የተፈጨ በርበሬ ለመመለስ፣ አንዷ ቡና አፍልታ። ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ስብሰባ ተብሎ ይጠየቅበታልና አብረው አይገቡም፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ወንፊት ልትዋስ የገባችው ሴት ግን ሰዓት እላፊው እስኪቃረብ አትወጣም። ከእነዚህ ሴቶች አንዳቸውም በማግስቱ መፈክር አላሰማም አላሉም። እጃቸውን አንሥተዋል፣ ጮኸዋል። በእኔ ሚዛን ግን በዚያ ሰፈር ከነሱ የሚበልጥ ሐቀኛ አልነበረም።

ቼኩ ጸሐፊ ቫስላቭ ሃቨል እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ድርሰት ውስጥ አንድ አትክልት ሻጭ አለ። ይህ ሰው ሽንኩርቱና ካሮቱ መሃል «የዓለም ሠራተኞች ተባበሩ» የሚል ጽሑፍ ያቆማል፤ ስለሚያምንበት ሳይሆን አታስቸግሩኝ ለማለት። ሃቨል እንደሚለው ሥርዓቱ የቆመው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው፤ አትክልት ሻጩ ጽሑፉን ያነሣ ቀን የሥርዓቱ ውሸት ይጋለጣል። ሃሳቡ ትልቅ ነው፤ ሃቨል ራሱም ታስሯል። እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይፈተናል። የፕራግ አትክልት ሻጭ ጽሑፉን ቢያነሣ ሥራውን ያጣል፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። በ1970 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለሱቅ ያንን ቢያደርግ ነገ ሱቁን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሃቨል የሚመለከተው ውሸቱን ነው፤ እኔ በውሸቱ ብዙም አልጨነቅም፤ የሚያስጨንቀኝ በውሸቱ ምክንያት ሌላ ሰው የሚከፍለው ነው።

የሃቨል መለኪያ ለእኛ በደንብ የሚገጥመው በኋለኞቹ ዓመታት ይመስለኛል፤ በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ዘመን። ስለነዚያ ዓመታት ደግሞ ከቀይ ሽብር ያነሰ እንናገራለን፤ ይህ ተገቢ አይመስለኝም። ፓርቲው በመስከረም 1977 ሲመሠረት የመንገድ ላይ ግድያው ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር። ሰው የሚያጣው ነፍሱን ሳይሆን ቤቱን፣ የመኪናውን ቤንዚን፣ ወደ ሞስኮ ወይም በርሊን የሚያስልከውን የትምህርት ዕድል፣ የሹመት ደረጃውን ነበር። ፍርሃቱ ቀንሶ ልማዱ ግን አልቀነሰም። ሰው ከሞት ለመዳን የተማረውን ጎንበስ ማለት አሁን ለሹመት ሠራበት።

ያንን መስከረም አስታውሱ። ከተማዋ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በቀይ ጨርቅና በመፈክር ተሸፍናለች፤ ወሎና ትግራይ ግን ሰው በረሃብ ይረግፋል። የእርዳታ ማስተባበሪያው መሥሪያ ቤት ከወራት በፊት ለለጋሾች ጥሪ አሰምቷል። የበዓሉ ድምፅ እንዳይረበሽ ግን ራዲዮውም ጋዜጣውም ስለ ረሃቡ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዓለም በሰፊው ያወቀው በጥቅምት ወር ሥዕሉ በቢቢሲ ሲታይ ነው። በየቢሮው ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሪፖርት የሚያዘጋጅ፣ «ይህቺን ቃል አለስልሳት» የተባለና ያለሰለሰ። ያ ሰው ማንንም አልገደለም። ሽጉጥም አልተደገነበትም። የዝምታው ዋጋ ግን የተከፈለው ኮረም ላይ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ደራሲ በዓሉ ግርማን ማንሣት አለብኝ፤ ሐውልት አድርገን ማየት ስለምንወድ። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር፤ መንግሥት በሚናገርበት መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው። ከአብዮቱ መንፈስ ጋር የሚሄደውን «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን የጻፈም እሱ ነው። ያው ሰው በኤርትራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተሳትፎ ያየውን ይዞ በ1975 «ኦሮማይ»ን አወጣ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። ከዓመታት ጎንበስ ማለት በኋላ ቀና ያለ ሰው ነው፤ ይህ ክብሩን አይቀንስበትም። እንዲያውም በዚያ ወንበር ላይ የነበሩትን ሌሎች ይበልጥ ያስጠይቃል፤ ቀና ማለት እንደሚቻል ስላሳየ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝር ነው። አዋጁ በ1975 ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ይመለከተዋል። ጦርነቱ እየበላ ሲሄድ ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይወርድ ጀመር። ኮታ ማለት ስም አይደለም፤ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ስም የሚለውጡት ደግሞ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ሁለት ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ ማታ መብራት አብርተው። ሊቀመንበሩ የእህቱን ልጅ ስም ሲሰርዝ ቁጥሩ ጎደለ፤ የጎደለው መሞላት አለበት። የሚሞላው በማን ነው? አማላጅ የሌለው፣ አባት የሌለው፣ ጠላ ሸጣ በምታሳድግ እናት ልጅ። ልጆች ኮርኒስ ላይ ወጥተው ያደሩት፣ የእህታቸውን ቀሚስ ለብሰው ያመለጡት ያኔ ነው። ሊቀመንበሩን ብትጠይቁት «ልጅ አዳንኩ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አድኗል። የማን ልጅ በምትኩ ናቅፋ እንደወረደ ግን አይናገርም።

በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ዓይነት ሰውም ይገኝ ነበር። ከአገር የወጣውን፣ የጠፋውን፣ አንዳንዴም የሞተውን ሰው ስም ዝርዝሩ ላይ እየሞላ ኮታውን የሚያሳንስ ጸሐፊ፤ ፋይል «ጠፋብኝ» የሚል፣ ማህተሙ «ሊቀመንበሩ ይዘውት ሄደዋል» እያለ ሰኞን ወደ ሐሙስ የሚያሻግር። እንዲህ ያለ ሰው ስብሰባ ላይ መፈክር ከሚያሰሙት ሁሉ ድምፁ ይጎላ ነበር፤ መጉላትም ነበረበት፣ ካልጮኸ ይጠረጠራላ። ስለዚህ ማን ጮኸ ማን ዝም አለ ብለን ከቆጠርን፣ ንጹሑን ከአድር ባዩ ጋር እንከስሳለን፤ ዝም ብሎ ስም የሰረዘውን ደግሞ ጨዋ እንላለን።

ከ1983 በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የደርግ ባለሥልጣናት ክስ በታኅሣሥ 1987 መታየት ጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ተሰጠ። ሥራው ከባድ ነበር፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ያ ችሎት የተመለከተው ያዘዘውንና የገደለውን ነው፤ የእህቱን ልጅ ሰርዞ የጎረቤቱን ልጅ የጻፈውን የሚመለከት የወንጀል አንቀጽ የለም፤ ባይኖርም አልከፋኝም። ጀርመኖች ሌላ መንገድ ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ዜጋ የስለላ ድርጅቱ ስታዚ ስለ እሱ የያዘውን ፋይል ራሱ ገልጦ ማንበብ ቻለ፤ ወንድሙ፣ አንዳንዴም የትዳር ጓደኛው ሰላይ ሆነው የተገኙበት ሰው ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ዝርዝሩን የጻፈውና ልጁ የተጻፈበት ዛሬም በአንድ ዕድር ነው የሚቀበሩት።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይቅር፣ ሆድ ይፍጀው» ይሉኛል። ልጇን ያጣችው እናት እንዲህ ብትል እቀበላለሁ፤ መብቷ ነው። ከዝርዝሩ የተረፈው ሰው ሲል ግን ጆሮዬን ይቆረቁረኛል።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። በዚህ አዳራሽ በዚያ ዘመን ቃለ ጉባኤ የያዛችሁ፣ ዝርዝር ያዘጋጃችሁ ወይም በዝርዝር የተጻፋችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። የምናገረውን የምታርሙ ካላችሁ በደስታ እሰማለሁ፤ ድምፅ ማጉያው ከፊት ረድፍ ይጀምር።