የትውስታ መብዛትና የፔጂንግ አገልግሎት



ማኅደረ ትውስታ እንደ ልብ በሚገኝበት በዛሬው ዘመን ፔጂንግ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ በባለሙያዎች መካከል ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለት ልዩ ልዩ ተግባሮችን በአንድ ስም ስለሚጠራ መልሱን ያደናግራል።

መደባለቁ ከጥንስሱ የመጣ ነው። በቶም ኪልበርን መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1962 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር ፈጣን ትውስታው 16,384 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ዝግተኛው የመግነጢስ ከበሮ ግን 98,304 ቃላት ይይዛል። መሐንዲሶቹ ሁለቱ ለፕሮግራም ጸሐፊው እንደ አንድ ሰፊ ትውስታ እንዲታዩት ሁሉንም ባለ 512 ቃላት ገጽ አድርገው ከፈሉት። የተፈለገው ገጽ በፈጣኑ ክፍል ከሌለ ማሽኑ ራሱ ከከበሮው ያመጣዋል፤ ቦታ ሲጠብም የማይፈለገውን ይመልሳል።

እንግዲህ አንደኛው ተግባር አድራሻን መተርጎም፣ ሁለተኛው ገጽን ማመላለስ ነው። ትውስታ ሲበዛ የሚቀንሰው ሁለተኛው ነው። አንደኛው ግን ከጥበት ጋር ግንኙነት የለውም። አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ክልል እንዳይደፍር የሚጠብቀው፣ አንድ የፕሮግራም ክፍል ለብዙዎች በጋራ እንዲያገለግል የሚያደርገው፣ የተበታተነውን ባዶ ቦታ እንደ ተያያዘ መሬት የሚያሳየው እርሱ ነው። መቶ እጥፍ ትውስታ የገዛ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አልገዛም።

እንዲያውም ብዛቱ ራሱ ሌላ ችግር ያመጣል። 64 ጊጋባይት በ4 ኪሎባይት ገጽ ሲከፈል ከ16 ሚሊዮን በላይ ገጽ ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩ በቅርቡ የሚይዛቸው የአድራሻ ትርጉሞች ግን ቢበዙ ጥቂት ሺህ ናቸው። በ2 ሜጋባይት ገጽ መጠቀም የተለመደው ስለዚህ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 32,768 ይወርዳል። መፍትሔው ገጹን ማስፋት እንጂ መተው እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የማመላለሱንም ነገር ቸኩሎ መሰረዝ አይገባም። ፕሮግራም ሲነሣ አንድ ጊዜ ተነክቶ ዳግመኛ የማይፈለግ ገጽ ብዙ ነው፤ ይህን ወደ ዲስክ አውጥቶ ቦታውን ለሌላ ማዋል ይጠቅማል። በዲስክ ላይ የማመላለሻ ቦታ ያልተመደበለት ሊኑክስ ግን ትውስታው ሲጠብ ከፋይል የመጡትን ገጾች፣ የፕሮግራሞችን ትእዛዛት ሳይቀር፣ ይጥላል፤ ወዲያውም መልሶ ለማንበብ ይገደዳል። ያም ካልበቃው አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። የሚመረጠውም በአብዛኛው ብዙ ትውስታ የያዘው ነውና፣ ዕጣው ማሽኑ በተገዛለት በመረጃ ቋቱ ላይ ይወድቃል።