ስለ አንድ ትልቅ ቁጥር



ዛሬ ላጫውታችሁ የመረጥሁት ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩም ሃያ አንድ አኃዝ ያለው 147,573,952,589,676,412,927 ነው። የሚገኘውም 67 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ፥ ከውጤቱ ላይ 1 በመቀነስ ነው።

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ነው፤ 7ና 13 እንደዚህ ናቸው። 15 ግን 3ና 5 ስለሚያካፍሉት ብቸኛ አይባልም። እንግዲህ ይህ ቁጥራችን ከየትኛው ወገን ይሆን?

ማረን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ቁጥር ከብቸኞቹ ጋራ ቈጠረው። ቃሉን የሚያፈርስ ሳይገኝም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1876 ዓ.ም. ግን ኤድዋር ሉካ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አስረዳ፤ ሆኖም አካፋዮቹን አላገኘም። ይህም ሣጥንን አንሥቶ በክብደቱ ባዶ አለመሆኑን እንደ ማወቅ ያለ ነው፤ በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ ግን ሳይከፍቱት አይታወቅም።

ሣጥኑን የከፈተው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። ጥቅምት 31 ቀን 1903 ዓ.ም. (ይህም በእነርሱ ወር ነው) በኒውዮርክ በተደረገው የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፥ አንዲት ቃል ሳይናገር ቁጥሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስልቶ ጻፈ ይባላል። ቀጥሎም በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። እርሱም ዝም ብሎ ወደ መቀመጫው ሲመለስ ጉባኤው አጨበጨበለት። ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ቢጠይቁት «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ መለሰ ሲሉ ይተርካሉ።

ድካሙን የሚያቃልል አንድ ሕግ አለ፤ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ134 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ከየ134ቱ ቁጥር አንዱን ብቻ መፈተን ይበቃል። ይሁን እንጂ ትንሹ አካፋይ እንኳ በዚህ ተራ የሚገኘው 1,445,580ኛ ሆኖ ነው!

ልብ በሉ፤ ለማግኘት ዓመታት የጠየቀውን ነገር፥ ማባዛት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊመረምረው ይችላል። ዛሬ ይህን ቁጥር ኮምፒዩተር በቅጽበት ይለያየዋል፤ በመቶ የሚቈጠሩ አኃዞች ያሏቸውን ግን ለመለያየት እጅግ ይቸገራል። በ1977 ዓ.ም. የተፈለሰፈ አንድ የምሥጢር አጻጻፍ ዘዴም የተመሠረተው በዚሁ ችግር ላይ ነው።

መዝገብና ሒሳብ ለምንመረምር ሰዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው። የመርሴን ክብር ቁጥሩን ብቸኛ ሊያደርገው አልቻለም፤ ፊርማ የቱንም ያህል ቢከብድ የድምርን ስሕተት አያቃናም። ስለዚህ እኔንም ቢሆን በቃሌ ብቻ አትመኑኝ፤ እርሳስና ወረቀት አንሡና ራሳችሁ አባዙት። ለመጀመሪያ ያህል 1 በ7 ሲባዛ 7 ነው፤ የቀረውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።