ወደ ቦውሊንግ ስንመለስ የኳሳችን ክብደት ስንት ይሁን?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ ለዚህ አዳራሽ ቀለል ያለ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ክፍል የምናስተምረው ሕግ በገዛ አካላችን ላይ ሲሠራ የምናይበት ነው። ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ በነበርሁበት ዘመን ቦውሊንግ አዘውትሬ እጫወት ነበር። ኳሴ 16 ፓውንድ፣ ማለትም 7.26 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ይህም የጨዋታው ደንብ የሚፈቅደው ከፍተኛው ክብደት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ካቋረጥሁ በኋላ፣ ሃምሳን ተሻግሬ ስመለስ ያለ ማመንታት ያንኑ ክብደት አነሣሁ። በሦስተኛው ዙር አውራ ጣቴ ከቀዳዳው ዘግይቶ ወጣ፤ የእጄ አንጓም ተጎዳ። ለስድስት ሳምንታት ያህል በሰሌዳ ላይ መጻፍ ተቸገርሁ። ጥፋቱ የምርጫዬ እንጂ የኳሱ አልነበረም።

ስሕተቴን ለመረዳት ክንድን ከትከሻ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ፔንዱለም እናስበው። ክንድ አግድም ከተዘረጋበት ከፍታ ያለ ተጨማሪ ግፊት ቢለቀቅ፣ በታችኛው ነጥብ ላይ የሚሸከመው ኃይል የኳሱን ክብደት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ባለ 16 ፓውንዱ ኳስ በዚያች ቅጽበት ወደ 22 ኪሎ ግራም፣ ባለ 14 ፓውንዱ ደግሞ 19 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል ማለት ነው። ልዩነቱ 3 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ ነገር ግን በሦስት ዙር ጨዋታ ሃምሳ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። በዚህ ላይ ጡንቻ በልምምድ ፈጥኖ ሲበረታ ጅማት ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ስለዚህ ተመላሹ ተጫዋች ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ጉልበቱ የተመለሰ በመሰለው ሰሞን ነው።

«ቀላል ኳስ ፒኖቹን በሚገባ አይጥልም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ እንመርምረው። ባለ 16 ፓውንዱን ኳስ በሰከንድ 7 ሜትር የሚወረውር ሰው ባለ 14 ፓውንዱን በሰከንድ 8 ሜትር ቢወረውር፣ የሁለቱ ሞመንተም እኩል ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ግን ከ178 ጁል ወደ 203 ጁል ያድጋል። ክርክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። እያንዳንዱ ፒን ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ቀለል ያለ ኳስ ሲጋጭ ከመሥመሩ ይበልጥ ያፈነግጣል። ከባድ ኳስ በእርግጥ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ግን ፍጥነቱንና አቅጣጫውን እስከ መጨረሻው ውርወራ መጠበቅ የሚችል ሰው ነው።

የሰውነትን ክብደት አንድ ዐሥረኛ ምረጡ የሚለው የተለመደ ምክርም አያድነንም። በዚህ ስሌት 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሁሉ ከፍተኛውን ክብደት ሊያነሣ ነው። ስሌቱ የሃያ ዓመቱን ወጣትና እኔን አይለይም፤ ለስንት ዓመት እንዳቋረጥንም አይጠይቅም።

በእኔ አስተያየት ተመላሽ ሰው ቀድሞ ከለመደው 2 ፓውንድ ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምር። ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን ይፈትሽ፤ አውራ ጣት ሳይጨናነቅም ሳይላላም መግባትና መውጣት አለበት። ቀዳዳው ከሰፋ እጅ ኳሱን ጨምቆ ለመያዝ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ 14 ፓውንዱም እንደ 16 ይከብዳል። በመጨረሻም የሦስተኛውን ዙር ውርወራ ከመጀመሪያው ጋር ያወዳድር። ፍጥነቱ ከቀነሰ ወይም ትከሻው ከተዛባ አንድ ፓውንድ ይቀንስ። ለተከታታይ ሳምንታት ውርወራው ካልተለወጠ፣ በማግስቱም ሕመም ካልተሰማው አንድ ፓውንድ ይጨምር። የማይለቅ ሕመም ካለ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

እኔ ዛሬ የምጫወተው በ14 ፓውንድ ነው። ባለ 16ቱን በመደርደሪያው ላይ ሳየው እጄ አሁንም ወደዚያው ይሄዳል። ያረጀ ልኬት ሳይፈተሽ ለአዲስ ስሌት አይውልም እያልሁ ተማሪዎቼን ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ወደ መጫወቻው የሄድሁት ግን በወጣትነቴ የተለካ ክንድ ይዤ ነበር። ከእናንተም መካከል አንድን ስፖርት ትታችሁ ለመመለስ የምታስቡ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ራሳችሁን እንደገና ለኩ።