ሳል ሲመጣ የሚያመልጥ ሽንት

እናቶቻችን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዳግም በተከፈተው በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ባለው የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ የሽንት ጥድፊያ ደግሞ ወረፋ አያውቅም።

የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ የሽንት ቧንቧ ሽፋን ይሳሳል። በወሊድ የላላ ጡንቻ ሲጨመርበት፣ ስታስሉ፣ ስትስቁ ወይም ጀሪካን ስታነሡ ሽንት ያመልጣል።

ብዙዎች ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። በገዳሪፍ ሙቀት ይህ አደጋ ነው፤ ቀለሙ የጠቆረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ይቆጠቁጣል። ይልቅ ቡናም ፊኛን ስለሚያነሣሣ በረካውን መዝለል ይሻላል፤ ከባድ ፍርድ መሆኑን አውቃለሁ።

ጡንቻውን ለማጠንከር፣ ሽንት እንደምትይዙ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ጨምቃችሁ ልቀቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። ለውጡ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ደም ከታየ፣ ካቃጠለ ወይም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።