ተዋናይ መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነው
(በካኩማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



ስለ ፊልም ሥራ ንግግር ይደረጋል ሲባል አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ተዋናይ እንዴት እንደሚኮን ለመስማት እንደሆነ እገምታለሁ። እኔ ግን የማወራችሁ ከካሜራው በስተጀርባ ስላለና ስሙ እምብዛም ስለማይነሣ ሥራ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት በረዳትነት የሠራሁትም ይህንኑ ነው። ባለሙያዎቹ ካስቲንግ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የተዋናይ መረጣ ብንለው ያስኬዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መራጩ በመጀመሪያ ድርሰቱን ያነባል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ዕድሜው ስንት ነው፣ በምን ቋንቋ ይናገራል፣ በስንት ትዕይንት ይወጣል፣ መዋኘት ወይም መኪና መንዳት ይጠበቅበት እንደሆነ ለይቶ ይጽፋል። ከዚያ ሰው ይፈልጋል። የተገኙትን አንድ በአንድ እየጠራ አጭር ትዕይንት ያስነብባል፣ በካሜራም ይቀርጻል፤ ኦዲሽን የሚባለው ይህ ነው። ከብዙዎቹ ጥቂቶቹን ለይቶ ለዳይሬክተሩ ያቀርባል። የመጨረሻው ውሳኔ የዳይሬክተሩና የፕሮዲዩሰሩ ነው። መራጩ «ይህችን ልጅ እባካችሁ ደግማችሁ እዩልኝ» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሥልጣን የለውም። በኋላም ስለ ክፍያና ስለ ውል የሚነጋገር፣ ያልተመረጡትንም በክብር የሚያሰናብት እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ የዋለን ሰው ቅስሙን ሳይሰብሩ መሸኘት ከሁሉም የሚከብድ ሥራ ነው፤ ይህን የማይችል ሰው ሙያውን ባይጀምረው ይሻላል።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሙያ መልክ ከሰጡት ሰዎች አንዷ ማሪዮን ዶኸርቲ የተባለች ሴት ነበረች። ቴሌቪዥን ገና ለጋ በነበረበት ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ቴያትር ቤት ለቴያትር ቤት እየዞረች ተዋንያንን ታይ ነበር። ስለ እያንዳንዳቸው በትንንሽ ካርዶች ላይ አጭር ማስታወሻ ትጽፋለች፤ ሰው ሲፈለግ ካርዶቿን ታገላብጣለች። ጄምስ ዲን ስሙ ሳይታወቅ ሥራ ከሰጡት መካከል ናት። መሣሪያዋ እንግዲህ እርሳስና ወረቀት ነበር። ሙያው ክብር ያገኘው ግን ዘግይቶ ነው። የእንግሊዙ ባፍታ ለተዋናይ መራጮች ሽልማት መስጠት የጀመረው በ2020 ነው፤ የኦስካር ሽልማት ድርጅትም ከ2026 ሥነ ሥርዓት ጀምሮ እንዲሰጥ የወሰነው በ2024 ነበር።

ወደ እኛ አካባቢ ልመልሳችሁ። «ካፕቴን ፊሊፕስ» የተባለውን የ2013 ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። የባሕር ላይ ወንበዴዎቹን ሆነው የሚጫወቱ ሶማሌዎች ሲፈለጉ፣ መራጯ ፍራንሲን ሜዝለር ብዙ ሶማሌዎች በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ ለሁሉም ክፍት የሆነ ምርጫ አካሄደች። ከ700 የሚበልጥ ሰው መጣ። ከተመረጡት አራቱ አንዱ ባርካድ አብዲ ነው። ሞቃዲሾ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ የመን ተሰዶ፣ በኋላ አሜሪካ የገባ፣ ከዚያ በፊት በፊልም ተውኖ የማያውቅ ወጣት ነበር። በ2014 ለኦስካር ታጨ፤ ባፍታን ደግሞ ተሸለመ። ሁሉም ስለ ባርካድ ያወራል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሰልፉ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር በቋንቋው የሚነጋገር፣ ሽማግሌዎችን የሚያስረዳ፣ ማን ከማን ጋር ቢቆም እንደሚያምር የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ላለው ሥራ ከካኩማ ልጅ የተሻለ ማን አለ? እዚህ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኑዌር፣ ዐረብኛና ስዋሂሊ በአንድ የውኃ ወረፋ ላይ ይሰማል። ሦስቱን የምትናገር ልጅ ከእናንተ መካከል አትጠፋም።

ሌላው ምሳሌ የሚያስደስትም የሚያሳዝንም ነው። ሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪ የሠራችው «ቅፍርናሆም» የተባለ ፊልም በ2018 በካን የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። ተዋንያኑ በአብዛኛው ከቤይሩት ጎዳናዎች የተገኙ ናቸው። ዋናው ልጅ ዘይን የሶርያ ስደተኛ ነበር። ወረቀት የሌላትን ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ሆና የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራውም ራሷ ስደተኛ ነበረች። ፊልሙ እየተሠራ ሳለ ዮርዳኖስ የመኖሪያ ወረቀት የለሽም ተብላ በእውን መታሰሯን ዳይሬክተሯ ተናግራለች። ፊልሙ ከእስር አልጋረዳትም።

ይህንን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። መራጭ የምትሆኑ ከሆነ ሰውን ካሜራ ፊት ከማቆማችሁ በፊት ልትጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ፊትህ ቢታይ የሚጎዳ ዘመድ አገር ቤት አለህ ወይ? የሸሸኸው ሰው ቢያይህስ? ይህን ሳይጠይቅ የሚቀርጽ ሰው፣ ፊልሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሙያውን አያውቅም እላለሁ።

ስለ አታላዮች ደግሞ ሳልናገር አልሄድም። «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» በተባለው የ2012 የኬንያ ፊልም ውስጥ ተዋናይ ለመሆን የሚመኝ የገጠር ልጅ አለ፤ አስጀምርሃለሁ የሚለው ሰው ገና ከጅምሩ ገንዘብ ይቀበለዋል። ይህ በፊልም ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። እውነተኛ መራጭ ከተመራጩ አንድ ሽልንግ አይቀበልም፤ ደመወዙ ከፊልሙ ባለቤት ነው። የመመዝገቢያ የሚል፣ የስደተኛነት ወረቀታችሁን ላስቀምጥ የሚል፣ ልጃገረድን ብቻዋን ወደ ሆቴል ክፍል የሚጠራ፣ «ሥራው ዱባይ ነው፣ ቪዛው በእኔ» የሚል ሰው ከመጣ ለጥበቃ ክፍል አስታውቁ። ልጅ የሚመረጥ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ ይቀመጥ። እናቶች፣ በዚህ አትፈሩ፤ ደንበኛው መራጭ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ከደብተር ጀምሩ። በስደተኞች ቀን የሚታየውን ድራማ ስታዩ ማን ድምፁ ከኋላ ይሰማል፣ ማን ሳይናገር ያስቃል፣ ማን ሰዓት ያከብራል ብላችሁ ጻፉ። የሰውየውን ስም የምትጽፉት ግን አስፈቅዳችሁ ነው፤ የመዝገብ ቁጥሩንና የስደቱን ታሪክ ፈጽሞ አትጻፉ፣ ደብተር ይጠፋል። ፊልምኤይድ በዚህ ካምፕ ለዓመታት ፊልም ሲያሳይና ወጣቶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ በዚያ ያለፉትን ፈልጋችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛችሁንም ጮክ ብላችሁ በማንበብ አሻሽሉ። ለአንድ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ከተፈታኙ ፊት ተቀምጦ የሌላውን ሰው ንግግር ማንበብ ነውና። እኔም የገባሁት በዚህ በር ነው።

ክፍያው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው፣ ሥራውም ፊልም ሲኖር እንጂ ዘወትር አይገኝም። ስለዚህ የያዛችሁትን ትምህርት ወይም ንግድ እንዳትተዉ። ከካምፕ ውጭ ሥራ ከተገኘም ስለ መንቀሳቀሻና ስለ ሥራ ፈቃድ ከመነሣታችሁ በፊት የመንግሥቱን የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

አሁን አንዲት አጭር ትዕይንት በአማርኛ ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ። ሁለት ሰው ወደ ፊት ይምጣና ያንብብ፤ የቀራችሁት እርሳስ አውጡና ያያችሁትን ጻፉ።