ሜታል ለሚያስገሳ ጊታር

እሷ፦ ከሻንቶ አንድ አድማጫችን «ጊታሬ ሄቪ ሜታል እንዲያገሳ የትኛውን ኃይለኛ ፒክአፕ ልግዛ?» ይላል።

እሱ፦ ጎበዝ! ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል ጋር «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ፣ ሮክ ጊታርና አማርኛ እንደሚስማሙ አሳይቷል።

እሷ፦ ወደ ዕቃው ግባልን እንጂ።

እሱ፦ እሺ። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፕ ባለ አንድ ጥቅልል ከሆነ ከመብራቱ መስመር እምምም የሚል ድምፅ ይለቅማል፤ ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ደግሞ ጆሮ አያስቀምጥም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጊታር አምራቹ የጊብሰን ባልደረባ ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅልል በተቃራኒ አጣምሮ ያ እምምም የሚለው ድምፅ እርስ በርሱ እንዲጣፋ አደረገ። ሃምባከር ይሉታል። ፒክአፕ አምራቹ ዲማርዚዮ በ1972 እ.ኤ.አ. ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለውን ፒክአፕ ሲያወጣ ማግኔቱ ሴራሚክ፣ ጥቅልሉም የበዛ ሆነና አምፕሊፋየሩን ገና ከበሩ ይገፋው ጀመር።

እሷ፦ ታዲያ ኃይለኛ እንዲሆንለት የሽቦው የመቋቋም መጠን፣ ማለትም ኪሎ ኦሙ፣ የበዛውን ይግዛ?

እሱ፦ ኧረ በጭራሽ! ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሽቦው ሲቀጥንም እኮ ኦሙ ይጨምራል። ጥቅልሉ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል፤ ፈጣኑ ሪፍ እንደ ቡላ ገንፎ ይያያዛል።

እሷ፦ ኢኤምጂ 81 የሚሉት ፒክአፕስ?

እሱ፦ አክቲቭ ነው፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን መድረክ ላይ ባትሪው ቢያልቅስ? እኔ ብሆን ባትሪ የማይፈልገውን ነበር የምመርጠው።

እሷ፦ ገንዘብ ከሌለውስ?

እሱ፦ ያለውን ፒክአፕ በካቻቢቴ ወደ ክሩ ትንሽ ከፍ ያድርገው፤ ድምፁ ይጎላል። በጣም ከተጠጋ ግን ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ድምፁ ቶሎ ይሞታል።