ልብ ውስጥ ስለሚበቅል እጢ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የምንጠራራው ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ዛሬ ግን ጥሩምባው ሳይነፋ ሊተርፍ ስለሚችል ሕመምተኛ ጥቂት ልናገር።

እጢ ሲባል ሁላችንም ካንሰር ይመስለናል። ከልብ የሚነሣ እጢ የሚይዘው እጅግ ጥቂት ሰው ሲሆን፣ አብዛኛውም ካንሰር አይደለም። በአዋቂዎች በብዛት የሚታየው ሚክሶማ የተባለው ነው። ከአራት ሦስቱ ያህል የሚበቅለው በግራው የላይኛው የልብ ክፍል፣ ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

ካንሰር አይደለም ማለት ግን አይገድልም ማለት አይደለም። ልብ በመታ ቁጥር እየተወዛወዘ ደም የሚያልፍበትን በር ይዘጋል። ያን ጊዜ ሰውዬው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አንዳንዴም ብድግ ሲል ወይም ሲገላበጥ ራሱን ይስታል። ከእጢው ተቆርሶ ወደ አንጎል የሄደ ቁራጭ ደግሞ ደህና የነበረውን ሰው በድንገት ግማሽ አካሉን ሽባ ያደርገዋል።

ችግሩ፣ ምልክቱ በአገራችን ብዙ ሰው ከሚያጠቃው፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር ከሚያጠበው በሽታ ጋር መመሳሰሉ ነው። በማዳመጫ ብቻ መለየት ለሐኪምም ይከብዳል። የሚለየው ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው፤ ደረት ላይ ቅባት ቀብተው ሲያዩ እጢው ሲወዛወዝ ይታያል።

መድኃኒት አያሟሟውም፤ መፍትሔው በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። ድሮ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሬሳ ሲመረመር ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. ግን ስዊድናዊው ሐኪም ክላረንስ ክራፉርድ የልብና የሳንባን ሥራ በሚተካ መሣሪያ ታግዘው ከሕያው ሰው ልብ አወጡት፤ በሽተኛዋም ዳነች። ዛሬ ከነሥሩ ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል። በጥቂቶች ላይ ተመልሶ ስለሚበቅል ግን ክትትል አይቋረጥ።

እንግዲህ ትንፋሽ ያጠረው፣ ራሱን የሳተ፣ በተለይም በጎልማሳነቱ ድንገት ሽባ የሆነ ሰው ስናይ «ለክፎት ነው» ብለን አንተኛ። ሐኪም ዘንድ እንውሰደው፤ «ልቡ በኢኮ ይታይ ወይ?» ብለንም እንጠይቅ።

ለኮሚቴያችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለቀብር ከምናዋጣው ጥቂቱ ለምርመራ በብድር ቢሰጥስ? ድንኳኑ ይቆየን፤ ሰውዬው ይቅደም።